የኮምፖዚት ብሎክ፣ ሃይብሪድ፣ ሊቲየም ዳይሲሊኬት ወይስ ዚርኮኒያ? በኮምፒውተር ለሚሠራ የመንጋጋ ጥርስ እድሳት የንጽጽር መመሪያ

አንድ የታች መንጋጋ ጥርስ እንውሰድ። አሮጌው ሙሌት ሰፊ ነው፣ አንዱ ጉብታ ተሰብሯል፣ ነርቩ ግን ደህና ነው። በእጅ ለመሙላት ጉድጓዱ ሰፍቷል፤ ዙሪያውን ሞርዶ ሙሉ ክራውን ለማልበስ ደግሞ የቀረው ጤነኛ ጥርስ ያሳሳል። ስካነርና መቅረጫ ማሽን ያለው ክሊኒክ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥርስ በአንድ ቀጠሮ ኦንሌይ (የተሰበረውን ጉብታ የሚሸፍን፣ ውጭ ተቀርጾ የሚጣበቅ ከፊል ሽፋን) ሠርቶ ሊያጣብቅ ይችላል። የሚያደናግረው ማሽኑ ላይ የሚታሰረው፣ እድሳቱ የሚቀረጽበት ብሎክ ነው። የሻጮች ካታሎግ «ናኖ ሴራሚክ»፣ «ሃይብሪድ ሴራሚክ»፣ «ሬዚን ሴራሚክ» እያለ ይደረድራል። ሴራሚክ የሚል ስም ከያዙት ብዙዎቹ በባሕርያቸው ኮምፖዚት (ሬዚን ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ማያያዣና ከብናኝ የተሠራ ቅይጥ) ናቸው፤ እንደ ሴራሚክ ሞርዶ እንደ ሴራሚክ ያጣበቃቸው ሐኪም ታካሚው ተመልሶ ሲመጣ ልዩነቱን ያየዋል።

ይህ መመሪያ ለሁለት ሰው ተጽፏል፦ የትኛውን ብሎክ ልግዛ ለሚለው ሐኪም፣ እና ሁለት ሦስት አማራጭ ቀርቦለት ግራ ለተጋባው ታካሚ። አንድ አቋም ይዞ ነው የሚሄደው። የኮምፖዚት ብሎክ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው ተሰብሮ ሳይሆን ወልቆ ነው። ስለዚህ ምርጫውን የሚወስነው የጥርሱ ቅርጽና የማጣበቁ ሥራ እንጂ ካታሎግ ላይ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር አይደለም።

በምን እንመዝን?

ካታሎግ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የመታጠፍ ጥንካሬ ነው፣ በሜጋፓስካል። ይህ ቁጥር የሚለካው ከብሎኩ በተቆረጠ ቀጭን ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ ጥርስ ላይ አልተጣበቀም፣ ምራቅ አልነካውም፣ ሚሊዮን ጊዜ አልታኘከበትም። ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ብቻውን ግን ምንም አይወስንም።

ከሱ ጎን መታየት ያለበት ግትርነቱ ነው፣ ማለትም ዕቃው ጭነት ሲያርፍበት ምን ያህል ይተጣጠፋል የሚለው። ይህ በጊጋፓስካል ይለካል። ዴንቲን (የጥርሱ ውስጠኛ አካል) 18 ገደማ፣ ኤናሜል (የላይኛው ጠንካራ ሽፋን) 80 ገደማ ነው። ወደ ዴንቲን የሚቀርብ ዕቃ ንክሻን ያለሰልሳል ይባላል፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን ዕቃው በተጣጠፈ ቁጥር ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ አብሮ ይንገላታል። ሻጭ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ አይነግርም።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ተጣብቆ ይቆያል ወይ? ቢከሽፍ በምን መልክ ይከሽፋል? ስንት ሚሊሜትር ጤነኛ ጥርስ ያስሞርዳል? ራሱ ምን ያህል ይበላል፣ ተቃራኒውንስ ጥርስ ይበላል ወይ? ቀለሙና ወዙ ይቆያል? ቢሸረፍ አፍ ውስጥ ይጠገናል? ምድጃ ይፈልጋል? የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ራሱን የቻለ መስፈርት ነው።

ጥናት ሲነበብ ደግሞ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። «አፍ ውስጥ ቆየ» ማለት አንድ ነው፤ «ምንም ጥገና ሳያስፈልገው ቆየ» ማለት ሌላ። ወልቆ እንደገና የተጣበቀ ክራውን በመጀመሪያው ሂሳብ ደህና ተብሎ ይቆጠራል፣ በሁለተኛው ግን ወድቋል። የጠርዝ፣ የቀለምና የገጽ ሁኔታ በጥናቶች ውስጥ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ በሚሉ ደረጃዎች ይሰጣል፦ አልፋ እንከን የለውም፣ ብራቮ እንከን ቢኖረውም ተቀባይነት አለው፣ ቻርሊ መነሳት አለበት። አንድ ዕቃ በ3 ዓመት ከአልፋ ወደ ብራቮ መውረዱ ብዙ አያስደነግጥም። መታየት ያለበት ቻርሊ ስንት ነው፣ ስንቱስ ወለቀ የሚለው ነው።

በቀጥታ የሚሞላ ኮምፖዚት

ማሽን የማይፈልገው አማራጭ መነሻ መለኪያችን ነው። 2 ሚሊሜትር በ2 ሚሊሜትር እየተደረበ በብርሃን ይጠነክራል። ሲጠነክር ይሸበሸባል፤ ጉድጓዱ በሰፋ መጠን መሸብሸቡ ጠርዙን ይስባል፣ ከጎን ጥርስ ጋር መገናኛውን ማሳመርም ይከብዳል። በጥሩ እጅ ከተሠራ የኋላ ጥርስ ላይ በዓመት ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆነው ብቻ ይከሽፋል። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ብሎክ የሚገዛ ሰው ብሎኩ ከዚህ ምን እንደሚያሻሽልለት መመለስ መቻል አለበት። መልሱ ብዙውን ጊዜ «ቅርጹን፣ መገናኛውንና የመሸብሸብ ችግሩን» ነው እንጂ «ዕድሜውን እጥፍ ያደርገዋል» አይደለም።

የኮምፖዚት ብሎክ

በወንበር አጠገብ በኮምፒውተር የተቀረጸ የመጀመሪያው ኢንሌይ (ውጭ ተሠርቶ ጉድጓድ ውስጥ የሚጣበቅ ሙሌት) በ1985 ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታካሚ አፍ ላይ ሲገጠም ብሎኩ ሴራሚክ ነበር። ኮምፖዚቱ የመጣው በ2000 ነው፣ ፓራዳይም ኤምዚ100 በሚል ስም፤ በእጅ ይሞላ የነበረው ዜድ100 በፋብሪካ ተጠናክሮ ብሎክ ሆነ። ላቫ አልቲሜት፣ ሴራስማርት፣ ብሪሊያንት ክሪዮስ፣ ግራንዲዮ ብሎክስ፣ ካታና አቬንሲያ፣ ሾፉ ኤችሲ፣ ቴትሪክ ካድ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። አሠራራቸው አንድ ነው፦ በሬዚን ውስጥ የተበተነ የመስታወት ወይም የሴራሚክ ብናኝ፣ በክብደት ከ60 እስከ 86 በመቶ፣ በፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የጠነከረ፤ አንዳንዱ ከሙቀቱ ጋር ግፊትም ያርፍበታል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ቶሎ ይቀረጻል፣ የማሽኑን መሞረጃ ብዙ አይበላም፣ ቀጭን ጠርዝ ሲቀረጽ አይሸራረፍም። ምድጃ አይፈልግም፤ ከማሽን ወጥቶ፣ በጎማና በአልማዝ ፔስት ተወልውሎ አፍ ይገባል። ተቃራኒውን ጥርስ አያስቸግርም። ቢሸረፍ በዚያው ወንበር ላይ ይጠገናል። ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 80 ኢንሌይ ተሠርቶ 40ው በኤምዚ100፣ 40ው በቪታ ማርክ 2 ፖርሰሊን በ3 ዓመት ክትትል ሲነጻጸሩ፣ ኮምፖዚቱ ከፖርሰሊኑ አላነሰም፤ እንዲያውም ከጥርሱ ጋር በቀለም መመሳሰሉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ ይባል፣ እነዚህ ኢንሌዮች ናቸው። ዙሪያቸውን በጥርስ ተከበው፣ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ።

ክራውን ላይ ታሪኩ ይለወጣል። ቤልጂየም ሉቨን ውስጥ ሙሉ የኮምፖዚት እድሳቶች ከሴራሚክ ጋር ለ3 ዓመት ሲነጻጸሩ፣ አፍ ውስጥ የቆየው ኮምፖዚት 87.9 በመቶ፣ ሴራሚኩ 97.2 በመቶ ነበር። ያለምንም ችግር የቆየው ግን ኮምፖዚቱ 55.6፣ ሴራሚኩ 81.2 በመቶ። ሁለቱን የሂሳብ ዓይነቶች ከላይ ለይተን ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። ኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ውስጥ ደግሞ የላቫ አልቲሜት ክራውን በ50 ታካሚዎች ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ ሥር) ላይ፣ በዚርኮኒያ አባትመንት (ክራውኑን ከኢምፕላንቱ ጋር በሚያገናኝ ምሰሶ) ላይ ተጣብቆ፣ 80 በመቶው በመጀመሪያው ዓመት ወለቀ። አልተሰበረም፣ ወለቀ። አምራቹ 3ኤም በ2015 ክራውንን ከላቫ አልቲሜት የአጠቃቀም ዝርዝር ራሱ አወጣው፤ ኢንሌይ፣ ኦንሌይና ቬኒር (የጥርስን የፊት ገጽ የሚሸፍን ስስ ሽፋን) ቀሩ።

በስፋት የተሞከረው ጃፓን ነው። እዚያ የመንግሥት የጤና መድን በ2014 የኮምፖዚት ብሎክ ክራውንን ለፕሪሞላር (ከመንጋጋ ፊት ላሉት ትናንሽ ጥርሶች) መክፈል ጀመረ፣ በወርቅ፣ ብርና ፓላዲየም ቅይጥ ለሚሠራው የብረት ክራውን አማራጭ እንዲሆን። በ2017 በቅድመ ሁኔታ ለታች አንደኛ መንጋጋ፣ በ2020 ለላይ አንደኛ መንጋጋና ለፊት ጥርስ ተስፋፋ። ብዙ ሺህ ሐኪም በየቀኑ ሲሠራው ጎልቶ የወጣው ችግር ያው መውለቅ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርስ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ዕቃው አርጅቶ ቢሆን የሚወልቀው ከዓመታት በኋላ ይሆን ነበር። በወራት የሚወልቅ ክራውን የተጣበቀበት ቀን ችግር ነበረበት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእጅ የሚሞላ ኮምፖዚት ገጽ ላይ ገና ያልተያያዙ የሬዚን ጫፎች ስለሚቀሩ ቀጣዩ ንብርብር በኬሚካል ይያያዛቸዋል። ፋብሪካ ውስጥ የጠነከረ ብሎክ ላይ እነዚህ ጫፎች አልቀዋል ማለት ይቻላል። ጥንካሬ የሰጠው ያው ሂደት ማጣበቂያውን ነሳው። ሲሚንቶው የሚይዘው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በአሸዋ የተሻከረ ገጽና በሲላን (ብናኙን ከሬዚን ጋር በሚያያይዝ ፈሳሽ) የተዘጋጀ ብናኝ። በዚህ ላይ ዕቃው ይተጣጠፋል፣ ውኃም ይጠጣል። ግድግዳው አጭር በሆነ ጥርስ ላይ እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ውጤቱ የታወቀ ነው።

ስለዚህ የኮምፖዚት ብሎክ ትክክለኛ ቦታው ኢንሌይና ኦንሌይ ነው፣ ጠርዙ በአብዛኛው ኤናሜል ላይ ሲያርፍ። ፕሪሞላር ላይ በጥንቃቄ ክራውን ሊሆን ይችላል። አጭር የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ሙሉ ክራውን ግን አይመከርም።

ሃይብሪድ፦ በሬዚን የተሞላ ሴራሚክ

ቪታ ኢናሚክ በ2013 ገበያ ሲገባ ነገሩን ገለበጠው። በሬዚን ውስጥ ብናኝ ከመበተን ይልቅ፣ ስፖንጅ የመሰለ የሴራሚክ መረብ ተሠርቶ ቀዳዳው በሬዚን ተሞላ፤ በክብደት 86 በመቶ ሴራሚክ፣ 14 በመቶ ሬዚን። ግትርነቱ 30 ጊጋፓስካል ስለሆነ ከኮምፖዚት ብሎክ ያነሰ ይተጣጠፋል። ሴራሚኩ ተያያዥ በመሆኑ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይበላል፣ ማለትም ገጹ ለማጣበቅ ይሻከራል፣ እና ሲላን በደንብ ይይዘዋል። በማጣበቅ በኩል ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ድክመቱ ከሊቲየም ዳይሲሊኬት ጋር ሲነጻጸር ቶሎ የሚሰነጠቅ መሆኑ ነው፤ ቀለሙም ብዙ አማራጭ የለውም። ካታሎግ ውስጥ ከኮምፖዚት ብሎኮች ጋር በአንድ ገጽ ስለሚቀመጥ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ዘዴ የሚያጣብቁ አሉ፤ ስህተት ነው። የትኛው በአሲድ፣ የትኛው በአሸዋ እንደሚዘጋጅ የአምራቹን መመሪያ ሳያዩ መጀመር አይገባም።

ሊቲየም ዳይሲሊኬት

ሰማያዊው ብሎክ፣ የመስታወት ሴራሚክ ዓይነት። ሲቀረጽ ገና ለስላሳ ነው፣ ከዚያ በምድጃ ውስጥ ወደ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ክሪስታሉ ይሞላና የጥርስ ቀለም ያገኛል፤ ሂደቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ጥንካሬው ከኮምፖዚት ብሎክ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ግትርነቱ 95 ጊጋፓስካል። 5 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ20 ሰከንድ፣ ከዚያ ሲላን፦ ይህ ጥምረት ለረጅም ጊዜ የተፈተነ፣ ብዙ የማያሳስብ ዘዴ ነው። በደንብ ከተጣበቀ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃዋል፤ በተራ ሲሚንቶ ከሆነ 1.5 ያስፈልጋል።

ሲከሽፍ ይሰበራል። ሲሰበር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጠገን የለም፣ ተሞርዶ ይወጣል፣ ያውም ከጥርሱ በቀለም ስለማይለይ በማጉያ መነጽር። ንክሻ ሲስተካከል ወዙ የጠፋበት ቦታ በደንብ ካልተወለወለ ተቃራኒውን ጥርስ ይፍቃል። አሲዱ አደገኛ ስለሆነ አፍ ውስጥ ፈጽሞ መሠራት የለበትም።

ዚርኮኒያ

ነጩና በቀላሉ የማይሰበረው። ባለ 3 ሞል ኢትሪያው (ኢትሪያ ዚርኮኒያውን የሚያረጋጋ ኦክሳይድ ነው፣ ቁጥሩ መጠኑን ያሳያል) ከ1000 ሜጋፓስካል በላይ ይሸከማል፤ ይበልጥ የሚያሳልፈው ባለ 5 ሞል ውብ ነው፣ ጥንካሬው ግን በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚሸጥ ላብ ካለ የትኛው እንደሆነ ይጠየቅ። በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አይበላም፤ በአሸዋ ተሻክሮ ኤምዲፒ (ዚርኮኒያን የሚይዝ ፎስፌት ያለው ውህድ) ባለው ፕራይመር ይጣበቃል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሳይጣበቅም መያዙ ነው። ግድግዳው በቂ ቁመት ካለው በተራ ግላስ አዮኖመር ሲሚንቶ ይቀመጣል። ጠርዙ ድድ ውስጥ ገብቶ ማድረቅ ለማይቻልበት ጥርስ ይህ ወሳኝ ነው። ከ1450 ዲግሪ በላይ፣ በተለመደው አሠራር ለሰዓታት የሚቆይ ምድጃ ይፈልጋል፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሥራው ሊበላሽ ስለሚችል ያለ አስተማማኝ ጄነሬተር ምድጃውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በ3ዲ የሚታተም ሬዚንም እየገባ ነው። ለጊዜያዊ ክራውን ግሩም ነው፣ ርካሽና ፈጣን። ብናኙ ከብሎኮቹ ያነሰ ስለሆነና ጥንካሬው ከታተመ በኋላ በሚደረገው እጥበትና ብርሃን ላይ ስለሚወሰን ለቋሚ ሥራ ገና መቸኮል አያስፈልግም።

| መስፈርት | በቀጥታ የሚሞላ | የኮምፖዚት ብሎክ | ሃይብሪድ | ሊቲየም ዳይሲሊኬት | ዚርኮኒያ (3 ሞል) |
|---|---|---|---|---|---|
| የመታጠፍ ጥንካሬ (ሜጋፓስካል) | ከ100–150 ገደማ | ከ150–250 ገደማ | 150–160 | ከ360 በላይ | ከ1000 በላይ |
| ግትርነት (ጊጋፓስካል) | 10 ገደማ | 10–18 | 30 | 95 | 200 ገደማ |
| የማኘኪያ ገጽ ውፍረት (ሚ.ሜ.) | እንደ ጉድጓዱ | 1.5–2 | 1–1.5 | 1–1.5 | 0.5–1 |
| የውስጥ ገጽ ዝግጅት | የለም | አሸዋ፣ ከዚያ ሲላን | አሲድ፣ ከዚያ ሲላን | አሲድ፣ ከዚያ ሲላን | አሸዋ፣ ከዚያ ኤምዲፒ |
| ምድጃ | አይፈልግም | አይፈልግም | አይፈልግም | 850 ዲግሪ፣ ከግማሽ ሰዓት በታች | ከ1450 ዲግሪ በላይ፣ ሰዓታት |
| አፍ ውስጥ መጠገን | ቀላል | ቀላል | ይቻላል | አስቸጋሪ | በጣም አስቸጋሪ |
| በብዛት የሚያጋጥመው ክሽፈት | አዲስ መበስበስ፣ ስብራት | መውለቅ | ስንጥቅ | ስብራት | መውለቅ (በአጭር ጥርስ) |

የኮምፖዚት ብሎክ እንዳይወልቅ

ይህን ክፍል ያስረዘምነው ክሽፈቱ ሁሉ እዚህ ስለሚወሰን ነው።

አሞራረዱ ላይ ሹል ማዕዘን አይኑር፤ የውስጥ ጠርዞች ሁሉ ይለዝቡ። የማኘኪያው ገጽ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ይውረድ፤ ታካሚው ነክሶ በሰም ይለካ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። የኢንሌዩ መሃል ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ስፋት ይኑረው። ግድግዳዎቹ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ይከፈቱ። የቀረው ጉብታ ነርቩ ደህና በሆነ ጥርስ ላይ ከ2 ሚሊሜትር፣ ሩት ካናል በተሠራለት ላይ ከ3 ሚሊሜትር ከሳሳ ዝቅ ተደርጎ ይሸፈን። ክራውን የግድ ከሆነ የመንጋጋው ግድግዳ ከ4 ሚሊሜትር ያላነሰ ይሁን፤ ካነሰ ዕቃ ይቀየር።

ዴንቲኑ በተሞረደበት ቀን፣ ከመቃኘቱ በፊት፣ በቦንዲንግ (ሬዚንን ከጥርስ ጋር በሚያያይዝ ፈሳሽ) ቢታሸግ ሁለት ጥቅም አለው፦ ትኩስ ዴንቲን ቦንዲንግን በደንብ ይይዛል፣ ታካሚውም በጊዜያዊው ወቅት አይቆረጥመውም። በሁለት ቀጠሮ የሚሠራ ከሆነ ጊዜያዊው ሲሚንቶ ዩጂኖል የሌለበት ይሁን። ዩጂኖል ሬዚን እንዳይጠነክር ያደርጋል፤ የተለመደው የቅርንፉድ ሽታ ያለው ሲሚንቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የሚጣበቅበት ቀን መጀመሪያ ይለካ፣ ንክሻው ግን ከተጣበቀ በኋላ ይታይ፤ ያልተጣበቀ ኮምፖዚት ሲነከስበት ይሰነጠቃል። ከልኬት በኋላ የውስጡ ገጽ በ50 ማይክሮን አሉሚና (ከላይ አሸዋ ባልነው ብናኝ) ይነፋ፣ ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ባር፣ ርቀቱ 1 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ገጹ በሙሉ ደብዘዝ እስኪል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው ዚርኮኒያ የለመደ እጅ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ቀጭኑን ጠርዝ ይበላዋል። ሁለተኛው ነፍቶ ሲያበቃ ለልኬት እንደገና አፍ ያስገባዋል፣ ምራቅ የነካው ገጽ ደግሞ ንጹህ መስሎ ይታያል። ከነካው በፎስፎሪክ አሲድ ታጥቦ ወይም እንደገና ተነፍቶ ይመለስ። ለዚርኮኒያ ግን ፎስፎሪክ አሲድ አይጠቅምም፣ ፎስፌቱ ገጹን ይዞ ኤምዲፒን ቦታ ያሳጣዋል።

ከተነፋ በኋላ በአልትራሶኒክ ገንዳ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ሲላን ይቀባ፣ 60 ሰከንድ ይቆይ፣ በንጹህ አየር ይነፋ። የአየር ቱቦው ዘይት የሚያወጣ ከሆነ እስካሁን የተሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ መስታወት ላይ ነፍቶ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ሲላን የተቀላቀለበት ሁሉን አቀፍ ቦንዲንግ አለ፤ በአሲዳማ ጠርሙስ ውስጥ ሲላን ስለሚደክም ለብቻው የሚቀባው ይሻላል።

በጥርሱ በኩል ራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የጎማ ሽፋን) ይታሰር። ኤናሜሉ በ37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ 30 ሰከንድ፣ የታሸገው ዴንቲን በቀላሉ ተነፍቶ ይጽዳ። ብርሃንም ያለ ብርሃንም የሚጠነክር ሬዚን ሲሚንቶ ይመረጣል። ትርፉ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ብርሃን ተሰጥቶት ይነሳ፣ ጠርዙ በግሊሰሪን ጄል ተሸፍኖ ከየአቅጣጫው 40 ሰከንድ ይብራ። ግሊሰሪኑ ኦክስጅን እንዳይደርስ ያግዳል፤ ያለ እሱ የጠርዙ ሲሚንቶ ለስላሳ ይቀርና ከወራት በኋላ ቡናማ መስመር ይሆናል።

መወልወሉ አይናቅ። የኮምፖዚት ወዝ ከሴራሚክ ቶሎ ይጠፋል፣ ሻካራ ገጽ ደግሞ ቀለም ይይዛል። ቡና በቀን ሦስቴ በሚጠጣበት ቤት ይህ በቶሎ ይታያል። በየክትትሉ በፔስት እንደገና ማወዘት አምስት ደቂቃ ነው።

ለማን የቱ?

ጠርዙ ኤናሜል ላይ ያረፈ፣ ማድረቅ የሚቻል ኦንሌይ ከሆነ ኮምፖዚት ብሎክም ሊቲየም ዳይሲሊኬትም ይሠራሉ። ምድጃ ለሌለው ክሊኒክ፣ ተቃራኒው ጥርስ የተበላ ለሆነ ሰው፣ ወይም ጥርሱ ገና ሊለወጥ ለሚችል ታዳጊ ኮምፖዚቱን እንመርጣለን። ፈገግ ሲባል የሚታይ ፕሪሞላር ላይ ሊቲየም ዳይሲሊኬት ይሻላል፤ የቀለሙ ጥልቀት ሌላ ነው።

አጭር መንጋጋ፣ ድድ ሥር የገባ ጠርዝ፣ ደም የማይቆምበት ድድ፦ ዚርኮኒያ፣ ወይም የድሮው ፖርሰሊን የለበሰ ብረት። ማጣበቅ በማይቻልበት ቦታ የሚጣበቅ ዕቃ ማዘዝ ችግሩን ወደ ፊት ማስተላለፍ ነው። ኢምፕላንት ላይ የኮምፖዚት ብሎክ ክራውን ከዚርኮኒያ አባትመንት ጋር አያድርጉ፤ የግሮኒንገኑ ውጤት በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጥርሱን ሌሊት ለሚያፋጭ ሰው መልሱ አንድ አይደለም። ኮምፖዚቱ ይበላል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፣ ዚርኮኒያው በቀላሉ አይበላም አይሰበርም፣ ግን ጫናውን ወደ ጥርሱና ወደ ተቃራኒው ያሳልፈዋል። የትኛውም ቢመረጥ የሌሊት መከላከያ ፕሌት አብሮ ካልተሰጠ ክርክሩ ፋይዳ የለውም።

አቅሙ ውስን ለሆነ ታካሚ ደግሞ በቀጥታ የሚሞላ ኮምፖዚት፣ የሳሳው ጉብታ ተሸፍኖበት፣ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። የብሎኩ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው፤ ታካሚው የሚከፍለው ለማሽኑ፣ ለሲሚንቶውና ለወንበሩ ጊዜ ነው። ርካሽ ብሎክ ፍለጋ ማጣበቂያ ላይ የሚቆጥብ ክሊኒክ ሁለቱንም ያጣል።

ታካሚ ከመስማማቱ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃል፦ የዕቃው ትክክለኛ ስም ምንድን ነው፣ ቢወልቅ ማን ያጣብቃል፣ ራበር ዳም ይታሰራል ወይ? አሜሪካ ለሚኖር ወገን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የክፍያ ኮድ አብዛኛው ይዘቱ ኢ-ኦርጋኒክ የሆነን ዕቃ በ«ፖርሰሊን/ሴራሚክ» ሥር ስለሚያስገባው፣ ሂሳቡ ላይ ሴራሚክ የተባለው አፍ ውስጥ ያለው ኮምፖዚት ብሎክ ሊሆን ይችላል። ማጭበርበር አይደለም። ስሙን ማወቅ ግን ጥርሱ ወደፊት ሌላ ሐኪም ጋ ሲሄድ እንዴት እንደሚጠገን ይወስናል፤ ስለዚህ ተጽፎ ይያዝ።

ከወለቀስ?

ታካሚው ክራውኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሲመጣ በዚያው ሲሚንቶ መልሶ መለጠፍ ያጓጓል። መጀመሪያ በማጉያ ይታይ። ሲሚንቶው ጥርሱ ላይ ቀርቶ የክራውኑ ውስጥ ንጹህና አንጸባራቂ ከሆነ፣ የተበላሸው የክራውኑ ዝግጅት ነው፦ አልተነፋም፣ ወይም ተነፍቶ ምራቅ ነክቶታል፣ ወይም ሲላኑ ጊዜው አልፎበታል። ሲሚንቶው ክራውኑ ውስጥ ቀርቶ ጥርሱ ባዶ ከሆነ ችግሩ በጥርሱ በኩል ነው፦ ዩጂኖል፣ ደም፣ እርጥበት፣ ወይም የደረቀ ዴንቲን። ግማሽ ግማሽ ከሆነ ንክሻውና የግድግዳው ቁመት ይመርመሩ፣ በተለይ መንጋጋው ወደ ጎን ሲንሸራተት የሚነካ ነጥብ።

ክራውኑ ካልተሰነጠቀና ሥሩ ካልበሰበሰ አሮጌው ሲሚንቶ ተነፍቶ ወጥቶ፣ ሂደቱ ከአሸዋው ጀምሮ እንደገና ይደረግ። ለሁለተኛ ጊዜ ከወለቀ ግን ሦስተኛ አይሞከር። ጥርሱ ላይ ጎድጎድ ያለ መያዣ መስመር ተጨምሮ ወይም ግድግዳው በኮምፖዚት ተገንብቶ በሊቲየም ዳይሲሊኬት ወይም በዚርኮኒያ ይተካ፤ የመጀመሪያው የስካን ፋይል ተቀምጦ ከሆነ ለቅርጹ መነሻ ያገለግላል፣ ለአዲሱ አሞራረድ ግን እንደገና መቃኘት የግድ ነው።